ከል የለበሱት ቸርኬዎች

ደሴ፣ ከሸዋበር ዝቅ ብሎ ባለ የመኪና ቀለም ቤት፤ ከራስ እስከ እግር ጥቁር የለበሱት ጡረተኛዋ የኬሚስትሪ መምህርት እልፍነሽ፣ ጎማቸው ወልቆ በሽቦ ላይ በተንጠለጠሉ አራት የቮልስ ቸርኬዎች ፊት ቆመዋል፤ የቀድሞ ተማሪያቸው ቀለም ቀቢው እንድሪስ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል።

እልፍነሽ፦ እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ጥቁር ቀባልኝ ያለህ ማን ነው?

እንድሪስ፦ ቲቸር፣ መጀመሪያ አረፍ ይበሉ። በርሜሏ ንጹህ ናት፣ ካርቶን አነጥፍልዎታለሁ።

እልፍነሽ፦ በርሜል ላይ ልቀመጥ አልመጣሁም። ቸርኬዎቼን ልወስድ ነው የመጣሁት። ስሰጥህ የቅቤ ቀለም ነበሩ።

እንድሪስ፦ ሲሰጡኝማ ዝገትና ጭቃ ነበሩ። ቅቤነታቸውን የሚያውቀው አላህና እርስዎ ናችሁ።

እልፍነሽ፦ ለዚህ አይደል ትርፉን ጎማ አብሬ የሰጠሁህ? እሱ ዝናብ ነክቶት አያውቅም። ቀለሙን ከእሱ እያየህ ቅባ አልኩህ።

እንድሪስ፦ አየሁት። በጣም ያምራል።

እልፍነሽ፦ አይተህስ?

እንድሪስ፦ አይቼማ… ጥቁር ይሻላል አልኩ። የደሴን ጭቃ ያውቁታል። ጥቁር ጭቃ ይችላል።

እልፍነሽ፦ የደሴ ጭቃ ቡናማ ነው። ሲደርቅ ነጣ ይላል። ጥቁር ላይ እንደ ዱቄት ነው የሚታየው።

እንድሪስ፦ እሱም አለ። ደግሞ የቅቤው ቀለም ከገበያ ጠፍቷል።

እልፍነሽ፦ ከጀርባህ ያለው ቆርቆሮ ምንድን ነው?

እንድሪስ፦ የቱ?

እልፍነሽ፦ ክዳኑ ላይ ቅቤ የሚመስል ነገር የፈሰሰበት።

እንድሪስ፦ እሱ የሌላ ደንበኛ ነው።

እልፍነሽ፦ የማን?

እንድሪስ፦ የእርስዎ።

እልፍነሽ፦ አንተ ልጅ፣ ዘጠነኛ ክፍልም እንዲሁ ነበርክ። የቤት ሥራዬን ላም በላችብኝ ያልከኝ አንተ አይደለህም?

እንድሪስ፦ በልታዋለች ቲቸር። እስክትታረድ ድረስ ከእኔ የተሻለ ኬሚስትሪ ታውቅ ነበር።

እልፍነሽ፦ እሱን አልጠራጠርም። ከሥሩ አንቲረስት ቀብተሃል ወይስ ዝገቱን ከነነፍሱ ነው የቀበርከው?

እንድሪስ፦ ወላሂ ቀብቻለሁ። በብርጭቆ ወረቀት ስፈትግ ውዬ፣ በቲነር አጥቤ፣ አንቲረስቱን ቀብቼ፣ አድርቄ ነው። በሥራዬ አይምጡብኝ። ስህተት ካለ ከላይ ነው ያለው።

እልፍነሽ፦ እኮ ከላይ ያለውን ነው የምጠይቅህ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። ቅቤ ቅባ ብዬ ልኬህ ሬት ቀብተህ ትጠብቀኛለህ?

እንድሪስ፦ እውነቱን ብነግርዎት አይቆጡም?

እልፍነሽ፦ እቆጣለሁ። ግን እሰማሃለሁ።

እንድሪስ፦ አክብሬ ነው።

እልፍነሽ፦ ማንን?

እንድሪስ፦ ሐዘንዎን።

እልፍነሽ፦ እኔ ቸርኬ ነው ያመጣሁልህ። ሐዘን አላመጣሁልህም።

እንድሪስ፦ አብረው ነው የመጡት ቲቸር። እንደዛሬው ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው በሩ ላይ ሲቆሙ፣ እኚህ ሴትዮ ቅቤ በተቀባ ጎማ ሸዋበርን ሲያቋርጡ ሰው ምን ይላል አልኩ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቮልሷ መኳል ጀመረች ነው የሚባለው። የዚህን አገር ሰው አፍ ያውቁት የለ? ሞተር እንጂ ፍሬን አልተገጠመለትም።

እልፍነሽ፦ ስለዚህ መኪናዬን ከል አለበስካት።

እንድሪስ፦ ነውር ነው እንዴ? ድሮ ትልቅ ሰው ሲሞት በቅሎው ጥቁር ለብሳ በለቅሶው መሀል ትሳብ ነበር አሉ። አያቴ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። የባለቤትዎ የጋሽ ከተማ በቅሎ ደግሞ ይቺው ቮልስ ናት።

እልፍነሽ፦ ይቺ ጀርመን የሠራት መኪና ናት።

እንድሪስ፦ ጠዋት ጠዋት አነሳሷን አውቃለሁ። ካልገፏት አትሄድም፣ ከሄደችም ካልፈለገች አትቆምም። በቅሎ ናት።

እልፍነሽ፦ በቅሎ ብትሆን ኖሮ የበራችንን የድንጋይ ጠርዝ ስታይ ራሷ ዘወር ትል ነበር። ከተማ አይፍቃትም ነበር።

እንድሪስ፦ እሱንስ አያንሱብኝ። አንዱን ጭረት ስደፍን ሌላው ከሥሩ ብቅ ይላል። ነፍሳቸውን ይማርና ጋሽ ከተማ መንገድ ቀያሽ አልነበሩም?

እልፍነሽ፦ ነበር። ከኮምቦልቻ በላይ ባለው መንገድ ላይ የእሱ እጅ ያላረፈበት መታጠፊያ የለም።

እንድሪስ፦ ታዲያ የገዛ በራቸውን ጠርዝ እንዴት አጡት?

እልፍነሽ፦ እሱ የሚታየው ሩቅ ሩቁ ነበር። ተራራ ማዶ ያለውን ድልድይ በዓይኑ ይለካል። አፍንጫው ሥር ያለውን ድንጋይ ግን ጎማው ነው የሚነግረው።

እንድሪስ፦ እርስዎንስ?

እልፍነሽ፦ እኔንማ ከሩቅ ነው ያየኝ። ለዚህ ነው ያገባኝ።

እንድሪስ፦ ቀርበው ቢያዩዎትማ ፈተና ሳይወስዱ እርስዎ አይለቋቸውም ነበር።

እልፍነሽ፦ ወስዷል። በድጋሚ ነው ያለፈው።

እንድሪስ፦ የፊት ቀኙ ላይ አንድ ረጅም ጭረት ነበረች፤ ለማስታወሻ ልተውልዎት ብዬ አስቤም ነበር።

እልፍነሽ፦ ለማስታወሻ ፎቶ አለኝ። ጭረት አልሰበስብም።

እንድሪስ፦ ተውኳት እኮ አላልኩም። ደግሞም ያ በርዎ ላይ ያለው ድንጋይ ይሰበስብልዎታል። የዚህ ቸርኬ ግማሹ እዛ ላይ ነው ያለው።

እልፍነሽ፦ በል ነገር አታርዝም። አውርዳቸውና ይሄን ጥቁር ፋቅልኝ።

እንድሪስ፦ ዛሬ? ቀለሙ እኮ ገና በደንብ አልደረቀም።

እልፍነሽ፦ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ። ከደረቀማ ሊያስለቅስህ ነው።

እንድሪስ፦ ጥድፊያው ምንድን ነው? ቮልሷ ምን ቀጠሮ አላት?

እልፍነሽ፦ እሁድ ትፈለጋለች።

እንድሪስ፦ እሁድማ የልጅዎ የውብርስት ሰርግ ነው። የሰፈራችን ዕድር፣ የቅሬው ሰው ሁሉ ቅዳሜ ድንኳን ሊተክልልዎት ተነጋግሯል። እኔም ወንበር ተሸካሚ ነኝ። ማን ሰርግ ትቶ በቮልስ ይንሸራሸራል?

እልፍነሽ፦ ሙሽራዋ።

እንድሪስ፦ የቷ ሙሽራ?

እልፍነሽ፦ ስንት ሙሽራ አለኝ? አንድ ልጄ ናት።

እንድሪስ፦ ሙሽራው ነጭ መኪና ተከራይቷል ሲባል ሰምቻለሁ። በር መግባቱ ቀርቶ የሚታጠፍበት ቦታ የሌለው ረጅም ነገር።

እልፍነሽ፦ እሱ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ነው። ከቤት የምትወጣው ግን በአባቷ መኪና ነው። እሷም አታውቅም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳህን እያጠበች፣ «አባዬ ቢኖር በቮልሷ ነበር የሚያወጣኝ» አለች። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች። እኔም ስለ ሌላ ነገር መለስኩላት።

እንድሪስ፦ እና ዝም ብለው ቸርኬ ፈትተው ወደ እኔ መጡ።

እልፍነሽ፦ ሕፃን ሆና ጎማዎቹን «ቅቤ» ነበር የምትላቸው። ከተማ ከመስክ ሲመለስ ኩርባው ላይ ታየውና «ቅቤ መጣች» እያለች ትሮጣለች። ሰርጓ ቀን በሩን ስትከፍት እነዚያን ጎማዎች እንድታይ ፈለግሁ። ሌላ ምንም የለውም።

እንድሪስ፦ ያ ረቢ። ሙሽራዋን በከል ጎማ ላስወጣት ነበር።

እልፍነሽ፦ አሁን ገባህ።

እንድሪስ፦ ለምን አልነገሩኝም?

እልፍነሽ፦ ለአንተ መንገር ለሸዋበር መንገር ነው። እስከ ምሽት ውብርስት ጆሮ ይደርስ ነበር።

እንድሪስ፦ አይ የእኔ አፍ። ቆይ፣ ያቺን ቸርኬ ያውርዱልኝ… ይተዉት፣ እኔ አወርዳለሁ። እጅዎ ይጠቁራል።

እልፍነሽ፦ ከዚህ በላይ ምኔ ይጠቁራል?

እንድሪስ፦ እሱስ ልክ ነዎት። ለመሆኑ ማን ነው የሚነዳው?

እልፍነሽ፦ የእህቴ ልጅ። ቸርኬዎቹ ከመፈታታቸው በፊት አለማምጄዋለሁ።

እንድሪስ፦ ለመደ?

እልፍነሽ፦ ሜዳ ላይ ለምዷል።

እንድሪስ፦ ደሴ ሜዳ የታለና?

እልፍነሽ፦ ዳገት ላይ ሁለተኛው ማርሽ ይተፋበታል። በመዳፍ ተጭኖ ትንሽ ወደ ጉልበት መሳብ ነው፣ እንዲህ። ከዚያ እንደያዙት ማቆየት። እሱ እንደ ስልክ በሁለት ጣት ይነካዋል።

እንድሪስ፦ የእርስዎ በር እኮ ዳገት ነው። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑም ዳገት ነው። መሀል ላይ ማርሹ ከተፋበት ሙሽራዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ እናቷ ቤት ነው የምትገባው። ሙሽራው ይዟት ሊሄድ ቆሞ፣ እሷ ስትመለስ።

እልፍነሽ፦ ድንጋይ የሚያስደግፍ ሰው ከኋላ ይሄዳል።

እንድሪስ፦ ሚዜ ድንጋይ ተሸክሞ ይሂድ ነው የሚሉኝ?

እልፍነሽ፦ ጎበዝ ሚዜ ካለ ምን ይለዋል?

እንድሪስ፦ ቲቸር፣ ያቺን መኪና ከጋሽ ከተማ ቀጥሎ የሚያውቃት አንድ ሰው ነው። ይኸው አሁን በባዶ እጅዎ ማርሽ አስገቡ። እርስዎ ይንዷታ።

እልፍነሽ፦ እኔ አልሄድም።

እንድሪስ፦ የት አይሄዱም?

እልፍነሽ፦ ቤተ ክርስቲያን። የሰርጉ ድንኳን ውስጥም አልቀመጥም። ጓዳ ብዙ ሥራ አለ።

እንድሪስ፦ የሙሽራ እናት ጓዳ?

እልፍነሽ፦ ወጥ የሚቀምስ ሰው ያስፈልጋል።

እንድሪስ፦ እርስዎ ነዎት የሚቀምሱት? ጋሽ ከተማ በሕይወት ሳሉ «እልፍነሽ ጨው በጠብታ ነው የምትለካው፣ ወጣችን ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል» እያሉ ያስቁን ነበር።

እልፍነሽ፦ ቅሬው ፊት ነው ይህን የሚለው?

እንድሪስ፦ ቅሬው ፊት፣ እርስዎ የሠሩትን ሳንቡሳ እየበሉ።

እልፍነሽ፦ አይ ከተማ። ሳንቡሳውን ከገበያ ነበር የምገዛው።

እንድሪስ፦ እሱንም ነግረውናል።

እልፍነሽ፦ አፉ ዝም አይል የነበረ ሰው።

እንድሪስ፦ ነገር አይቀይሩብኝ። ለምንድን ነው ጓዳ የሚደበቁት?

እልፍነሽ፦ አልተደበቅሁም። ጥቁር ለብሶ ሙሽራ ፊት አይቆምም። ለልጅ ገድ አይደለም። አንተም እኮ ይህን አስበህ ቸርኬዬን ጥቁር ለቅልቀሃል፤ ጥቁር የለበሰ ቦታው የት እንደሆነ ታውቃለህ።

እንድሪስ፦ ታዲያ ያውልቁታ። ሙት ዓመቱ እንደሆነ ካለፈ ቆየ።

እልፍነሽ፦ መቼ እንዳለፈ እኔ አላጣውም።

እንድሪስ፦ ታዲያ?

እልፍነሽ፦ ታዲያ አትበለኝ። ካፖርት መሰለህ እንዴ፣ ሞቀኝ ተብሎ የሚጣል? ከል በራስ እጅ አይወልቅም። ሰው ይመጣል፣ «በቃሽ» ይላል፣ ጥቁሩን አስወልቆ ነጭ ያለብሳል። ሥርዓቱ እንዲያ ነው። እናቴም እንዲያ ነው ያወለቀችው፣ አክስቴም። ብቻዬን ተነስቼ በማለዳ ነጭ ለብሼ ብወጣ ምን ማለት ነው? ጨረስኩ ማለት ነው። እኔ በራሴ አፍ ጨረስኩ አልልም።

እንድሪስ፦ እኮ ሰው ይምጣ።

እልፍነሽ፦ ማንም አልመጣም። ብርጭቆ ወረቀትህ የታል?

እንድሪስ፦ ቲቸር።

እልፍነሽ፦ ሻካራውን ነው የምፈልገው። ይህን ልስልሱን አይደለም።

እንድሪስ፦ ቲቸር፣ መጥተን ነበር።

እልፍነሽ፦ የት?

እንድሪስ፦ እርስዎ ቤት። ሙት ዓመቱ በወጣ በሳምንቱ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ አበጋዝ፣ እትዬ ዘሐራና እኔ።

እልፍነሽ፦ ያን ጊዜ የመጣችሁት ስለ ቧንቧ ነው።

እንድሪስ፦ ስለ ቧንቧ አልነበረም።

እልፍነሽ፦ አስታውሳለሁ እኮ። የሰፈሩ መስመር ፈንድቷል፣ እናንተ ጋ ውሃ አለ ወይ ብላችሁ መጣችሁ።

እንድሪስ፦ ፈንድቶ ነበር?

እልፍነሽ፦ አልፈነዳም። አለመፈንዳቱን ነገርኳችሁ።

እንድሪስ፦ እኛም አለመፈንዳቱን እናውቅ ነበር። ጋሽ አበጋዝ መንገዱን ሙሉ ንግግራቸውን ሲለማመዱ ነው የመጡት። «እህታችን እልፍነሽ፣ ሐዘን ለሁሉም ደርሷል፣ ይበቃል» ሊሉ። ድፍን ቅሬውን የሚቆጡት ሰውዬ፣ እርስዎ በሩን ሲከፍቱና «ምን ነበር?» ሲሉ፣ ንግግሩ ተሰወረባቸው። «ውሃ… አለ?» አሉ።

እልፍነሽ፦ እኔም አለ አልኩት።

እንድሪስ፦ «ግፊቱስ?» አሉ።

እልፍነሽ፦ ግፊቱም ደህና ነው አልኩት። ዘሐራ ደግሞ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ለውሃ ግፊት እንዲህ የምትደሰት ሴት አይቼ አላውቅም ብዬ ገርሞኝ ነበር።

እንድሪስ፦ ላብ አጥምቋት ነበር።

እልፍነሽ፦ ከዚያ ገብታችሁ ቧንቧውን ከፍታችሁ አያችሁት።

እንድሪስ፦ ጋሽ አበጋዝ እጃቸውን ታጠቡበት። ለማስመሰል።

እልፍነሽ፦ ፎጣ አቀበልኩት።

እንድሪስ፦ አመሰገኑዎት።

እልፍነሽ፦ አንተ ፌስታል ይዘህ ነበር። የቧንቧ መፍቻ መስሎኝ።

እንድሪስ፦ ቀሚስ ነበር። ከነነጠላው።

እልፍነሽ፦ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ቀሚስ ይዛችሁ መጥታችሁ፣ ውሃ ፈትሻችሁ ተመለሳችሁ?

እንድሪስ፦ ተመለስን። ግማሽ መንገድ ላይ ጋሽ አበጋዝ «ግፊቱ ግን እውነትም ጥሩ ነው» አሉ።

እልፍነሽ፦ እኔን ነው የፈራችሁት?

እንድሪስ፦ እርስዎን ያልፈራ ማን አለ? እኔ ሚስቴን ሳጭ እንዲያ አልተንቀጠቀጥኩም። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል ቲቸር። በሩን ሲከፍቱ ፊትዎ የፈተና ወረቀት የሚያድል ፊት ነበር። ድርቅ ያለ። እንዴት አድርገን እንግባበት?

እልፍነሽ፦ ፊቴን ታጥቤ ነበር።

እንድሪስ፦ ምን?

እልፍነሽ፦ በሩ ሲንኳኳ ፊቴን ታጥቤ ነው የወጣሁት። የደሴ ውሃ ቀዝቃዛ ነው፣ ፊት ያደርቃል። ይህን ለማወቅ ኬሚስትሪ አያስፈልግም።

እንድሪስ፦ ከመታጠብዎ በፊትስ?

እልፍነሽ፦ ከመታጠቤ በፊት ማንም በር አላንኳኳም።

እንድሪስ፦ ገባኝ።

እልፍነሽ፦ ምንም አልገባህም። ዘጠነኛ ክፍልም ገባኝ ትል ነበር።

እንድሪስ፦ ይህኛው ገብቶኛል።

እልፍነሽ፦ እሺ፣ አንድ ጊዜ ፈራችሁ። ከዚያስ? ሁለተኛ የሚመጣ ጠፋ?

እንድሪስ፦ በየስብሰባው ይነሳል። «ማን ይሂድ?» ሲባል ሁሉም የጫማውን ክር ያያል። ክር የሌለው ጫማ ያደረገም ያያል። መጨረሻ ላይ «ተዉአት፣ ጥቁሩን ራሷ ወዳዋለች፣ ከእሱ ጋር መሆን ነው የፈለገችው» ተባለና ተዘጋ።

እልፍነሽ፦ ወዳዋለች?

እንድሪስ፦ እኛ ምን እናውቃለን? አይናገሩ፣ አያለቅሱ። ለቅሶ ላይ እንኳ ወንበር ሲያስተካክሉ ነበር የዋሉት።

እልፍነሽ፦ ወንበሮቹ ተጣመው ነበር። የተከላችሁት እናንተ ናችሁ።

እንድሪስ፦ ይኸው። በዚህ ላይ ማን ደፍሮ ይናገር?

እልፍነሽ፦ ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም ይላሉ። እናንተ መግቢያውም ጠፋባችሁ።

እንድሪስ፦ በሩ ተከፍቶልን ጠፋብን። ሲነግሩት ያሳፍራል።

እልፍነሽ፦ እኔ ደግሞ ሰው ረሳኝ ብዬ… ተወው። የታል አሁን?

እንድሪስ፦ ምኑ?

እልፍነሽ፦ ፌስታሉ።

እንድሪስ፦ እዚሁ ነው። ያ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ላይኛው መደርደሪያ። እትዬ ዘሐራ ቤቴ አይጥ አለ አለች፣ ጋሽ አበጋዝ ባየሁት ቁጥር ያፍረኛል አሉ። እኔ ጋ ቀረ።

እልፍነሽ፦ ቀለምና ቲነር መሀል?

እንድሪስ፦ በፌስታል ላይ ፌስታል ደርቤ፣ አፉን በላስቲክ አስሬ። አንድ ጠብታ አልነካውም። ከደንበኛ መኪና ይልቅ እሱን ነው የጠበቅሁት። አንዳንዴ የረጨሁት ቀለም ሲበን በሩን እከፍትና አየዋለሁ።

እልፍነሽ፦ ምን ዓይነት ነው?

እንድሪስ፦ ነጭ ነው። ጥለቱ አረንጓዴ፣ ትልቅ አበባ አበባ ነገር። እትዬ ዘሐራ ናት የመረጠችው። ዓይን ይወጋል።

እልፍነሽ፦ የዘሐራ ምርጫ መቼ ለዓይን አዝኖ ያውቃል?

እንድሪስ፦ ቢያንስ ከሩቅ ይታያል። ጋሽ ከተማ ቢኖሩ ይወዱት ነበር።

እልፍነሽ፦ …ይወደው ነበር። ቀለም አይመርጥም ነበር እሱ። በል አምጣው።

እንድሪስ፦ አልሰጥም።

እልፍነሽ፦ እንዴት አልሰጥም?

እንድሪስ፦ በራስ እጅ አይወልቅም ያሉት ማን ናቸው? አሁን ከቀለም ቤት ፌስታል አንጠልጥለው ገብተው ብቻዎን ሊለብሱት? እኔ ሥርዓት አላፈርስም።

እልፍነሽ፦ ታዲያ አንተ ልታለብሰኝ ነው?

እንድሪስ፦ እኔ? ቸርኬ አልብስ ብባል እንኳ ይኸው የማልበስ ሙያዬ ፊትዎ ተንጠልጥሏል።

እልፍነሽ፦ እሱስ እውነትህን ነው። እሁድ ደግሞ እየመጣ ነው።

እንድሪስ፦ ቸርኬዎቹን ለእኔ ይተዉልኝ። ዛሬ ጥቁሩን አነሳለሁ፣ ነገ ቅቤውን እቀባለሁ፣ ቅዳሜ ድንኳን ስንተክል ጎማውን አስገብቼ ራሴ አስራለሁ። ውብርስት ብቻ መኪናዋ ወዳለችበት እንዳትመጣ። ሕፃን ሆና እንዳየቻቸው ይሆናሉ። ይህን ቃል እገባለሁ።

እልፍነሽ፦ ቃልህን ላሟ ካልበላችው።

እንድሪስ፦ ላሟ ሞታለች አልኩዎት። ሾፌሯን ግን እኔ ቀብቼ አላመጣትም። ቲቸር? ምን ያስባሉ?

እልፍነሽ፦ ዳገቱን።

እንድሪስ፦ የበርዎን?

እልፍነሽ፦ ሁለተኛው ማርሽ ላይ ያንን ልጅ ባስቀምጠው እውነትም ይተፋበታል። ከተማ ቢኖር ልጁን ድንጋይ በሚያስደግፍ ሚዜ አያወጣትም ነበር። ስልክህን አውጣ።

እንድሪስ፦ ይኸው። ለማን ልደውል?

እልፍነሽ፦ ለአበጋዝ።

እንድሪስ፦ ምን ልበላቸው? ቲቸር «ኑና ከሌን አስወልቁኝ» ብለዋል ልበል?

እልፍነሽ፦ እንዲህ ብትል ዘጠነኛ ክፍል እመልስሃለሁ። ሰው ተጠርቶ ከል ያስወልቃል እንዴ? ራሱ ነው የሚመጣው።

እንድሪስ፦ እሳቸው እኮ በራሳቸው ከመጡ እንደገና እጃቸውን ታጥበው ነው የሚመለሱት። ታዲያ ምን ብዬ ልጥራቸው?

እልፍነሽ፦ የእልፍነሽ ቧንቧ ፈንድቷል በለው። ዘሐራም አብራ ትምጣ። አንተ ፌስታሉን ያዝ፤ እኔ ዛሬ ፊቴን ሳልታጠብ ነው የምከፍትላችሁ።